የጠበቃው ሂሳብ ከአደራው ይከፈላል ወይስ ከኪስ?

ጥያቄ፦ አባታችን እንግሊዝ አገር ሳሉ አንድ ቤትና ጥቂት ገንዘብ በቤተሰብ ትረስት (ባለአደራዎች ንብረትን ለሌሎች ጥቅም በሚይዙበት የአደራ ሥርዓት) አስቀምጠው፣ እኔንና አጎቴን ባለአደራ አድርገውን አረፉ። እናታችን በሕይወት እስካለች የቤቱን ኪራይ ትወስዳለች፤ ከእሷ በኋላ ንብረቱ የሁለቱ ወንድሞቼ ነው። ቤቱን ያደሰው ተቋራጭ ጣሪያውን አበላሽቶት ከሰስነው፤ ተፈረደልን። በዚህ መሃል ታናሽ ወንድሜ «ሂሳብ ደብቃችኋል፣ ከባለአደራነት ውረዱ» ብሎ እኛኑ ከሰሰን፤ ጉዳዩ ገና አላለቀም። ጠበቃችን የሁለቱንም ክስ ሂሳብ በአንድ ቢል ልኮልናል። ከትረስቱ አካውንት ብንከፍል አደራ በል እንባላለን?

መልስ፦ ለመጀመሪያው ክስ አትባሉም፤ ለሁለተኛው ልትባሉ ትችላላችሁ። ስለዚህ ገንዘብ ከማንቀሳቀስዎ በፊት ቢሉን ለጠበቃው መልሰው ለሁለት እንዲለየው ይጠይቁ። የእንግሊዝ ጠበቆች ጊዜያቸውን አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ስድስት ደቂቃ ከፋፍለው ይመዘግባሉ፤ የቱ ስልክ፣ የቱ ደብዳቤ ለየትኛው ጉዳይ እንደሆነ መለየት አያቅታቸውም። የሚያስቸግረው «ከደንበኛ ጋር ውይይት፣ 48 ደቂቃ» የሚል መስመር ነው። ስለ ጣሪያው ነበር ወይስ ስለ ወንድምዎ? ይህ ዛሬ ካልተለየ ነገ ዳኛ ፊት እርስዎ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

መነሻው በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የባለአደራዎች ሕግ ክፍል 31 ነው። ባለአደራ ለትረስቱ ሲሠራ በአግባቡ ያወጣውን ወጪ ከትረስቱ ገንዘብ ማስተካት፣ ወይም ከዚያው በቀጥታ መክፈል ይችላል። ጭቅጭቁ ሁሉ «በአግባቡ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ በተለይ ሦስት ነገር ያያል፦ አስቀድመው የፍርድ ቤት መመሪያ ጠይቀዋል? ወጪው የወጣው ለትረስቱ ነው ወይስ በተግባር ለራስዎ ጥቅም? ሲከሱም ሆነ ሲከላከሉ አካሄድዎ ምክንያታዊ ነበር? «ጠበቃዬ ነው የመከረኝ» ማለት ብቻውን አያድንም።

የጣሪያው ክስ ይህን ፈተና ያልፋል። ለምሳሌ የጠበቃው ሂሳብ 18,000 ፓውንድ ቢሆንና ተቋራጩ 11,500 እንዲተካ ቢታዘዝ፣ የቀረው 6,500 ከትረስቱ ይወጣል። ያሸነፈ ሰው ወጪውን ሙሉ በሙሉ የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ደግሞ፣ እስከ 100,000 ፓውንድ በሚደርሱ አብዛኞቹ የገንዘብ ክሶች ተሸናፊው የሚተካው በሠንጠረዥ የተወሰነ መጠን ብቻ ስለሆነ ክፍተቱ ሰፍቷል። ተቋራጩ ቢከስርና 11,500ውን ባይከፍል፣ ያልተሰበሰበውም ከትረስቱ ሊተካ ይችላል። ብትሸነፉ ኖሮም ያው ነበር፤ መብቱ የሚመጣው ከማሸነፍ ሳይሆን ክሱን በአግባቡ ከመምራት ነው።

የወንድምዎ ክስ ግን ሌላ ነው። ባለአደራው በግሉ ጥፋት ሠራ ተብሎ በተጠቃሚ፣ ማለትም ንብረቱ በአደራ በተያዘለት ሰው፣ ሲከሰስ፣ ነገሩ እንደ ማንኛውም ክርክር ይታያል፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ከተሸነፋችሁ የራሳችሁም የወንድምዎም ወጪ ከኪሳችሁ ሊሆን ይችላል። ካሸነፋችሁ በመጀመሪያ ወንድምዎን ትጠይቃላችሁ፤ የጎደለውን ከትረስቱ ለማስተካት በር አለ፤ ባለአደራ በግሉ የቀረበበትን ክስ ስለተከላከለ ብቻ ለራሱ ጥቅም እንደሠራ አይቆጠርምና። በእኛ እምነት፣ ፍርዱ እስኪሰጥ ድረስ ለዚህ ክስ ከትረስቱ አንድ ፓውንድ እንኳ አይንኩ። «ገንዘብ ደበቁ» ተብለው በተከሰሱበት ጉዳይ ላይ ከዚያው ገንዘብ ለጠበቃ መክፈል ለከሳሹ ማስረጃ እንደ መስጠት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ባለአደራ የሚያውቀው ቢሉ ከመጣ በኋላ ነው። ትረስት እንደ ኩባንያ የራሱ የሕግ ሰውነት የለውም፤ ከጠበቃው ጋር የተዋዋላችሁት እናንተ በግላችሁ ናችሁ። የትረስቱ ገንዘብ ቢያልቅ ጠበቃው የሚጠይቀው እናንተን ነው፤ እናንተም እንደ ደንቡ እናትዎንና ወንድሞችዎን ከኪሳቸው ክፈሉ ማለት አትችሉም።

ለወደፊት ከሦስተኛ ወገን ጋር ከበድ ያለ ክስ ከመጣ፣ ከመግባታችሁ በፊት ፍርድ ቤት ጠይቁ። ጥያቄው «ቤዶ አፕሊኬሽን» ይባላል፤ ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1893 ከተወሰነ ጉዳይ ነው። እዚያ ባለአደራው ሳያስፈቅድ ተከራክሮ ተሸነፈ፤ ከትረስቱ የተተካለትም ፈቃድ ቢጠይቅ ኖሮ ያወጣው የነበረው ያህል ብቻ ነው። ማመልከቻው ከዋናው ክስ ተለይቶ ይቀርባል። የማሸነፍ ዕድሉን የሚገመግም ብቃት ያለው ጠበቃ ምክር፣ የወጪ ግምት፣ ስለ ተቃራኒው ወገን የመክፈል አቅም የሚታወቀው ሁሉ፣ እንዲሁም የሚቀርበው ክስ ወይም መከላከያ ረቂቅ አብረው ይያያዛሉ። ይህም ገንዘብ ይፈልጋል፤ ትረስቱ ትንሽ ከሆነ ለአካለ መጠን የደረሱት ተጠቃሚዎች ሁሉ በጽሑፍ ቢስማሙ ወጪው ይቀንሳል። አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለበት ግን ስለ እሱ የሚፈርም የለም።

ጥያቄ፦ ሥራ አቋርጬ ጠበቃ ቤትና ፍርድ ቤት የተመላለስኩበትስ ይከፈለኛል?

መልስ፦ የባቡር ትኬት፣ ፎቶኮፒ፣ የፖስታ ወጪ አዎ፤ ደረሰኝ ይያዙ። የጊዜዎ ዋጋ ግን አይከፈልም፤ የትረስቱ ሰነድ ካልፈቀደ በስተቀር በሙያው የማይሠራ ባለአደራ በነጻ ነው የሚያገለግለው።

ጥያቄ፦ ከትረስቱ የሚወጣው ከእናታችን ኪራይ ላይ ነው?

መልስ፦ ለትረስቱ በጠቅላላ የሚጠቅም የክርክር ወጪ በመደበኛው የሚወጣው ከዋናው ንብረት እንጂ ከገቢው አይደለም። ስለዚህ 6,500 ፓውንዱን ከተቀመጠው ገንዘብ ያንሱና ኪራዩን እናትዎ እንደ ወትሮው ይውሰዱ። የተቀመጠው ካልበቃ፣ ቤቱን አስይዞ ስለመበደር ሰነዱ የሚለውን ሳያዩ ባንክ እንዳይሄዱ።