የተቀመጠው ጥርት፣ የሚበረው ብዥ

ወንድሜ፣ «ካኖን 7ዲ ማርክ 2 ገዛሁ፣ የተቀመጠ ወፍ ጥርት ይልልኛል፣ ተነስቶ ሲበር ግን ሁሉም ብዥ ነው፣ ሌንሱ ይሆን?» ብለሃል። ሌንሱ አይመስለኝም። እኔም በዚሁ ካሜራ ስጀምር እንዳንተ ነበርኩ። እንዲያውም ጥገና ቤት ድረስ ወስጄው፣ ሰውየው ሁለት ቀን አስቀምጦ «ምንም የለውም» ብሎ መለሰልኝ። አፈርኩ።

መጀመሪያ ብዥታውን ለይ። ፎቶውን አጉልተህ እይ። ከወፉ ኋላ ያለው ሸምበቆ ጠርቶ ወፉ ብቻ ከደበዘዘ ፎከሱ ነው። ምንም ነገር ካልጠራ ወይም የክንፉ ጫፍ ከተጎተተ ግን ፎከሱን ተወው፣ ሻተርህ (ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) ቀርፋፋ ነው። እኔ ለሚበር ወፍ ከ1/2000 ሰከንድ ፍጥነት አልወርድም፤ ብርሃን ካነሰ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) እጨምራለሁ። ፎቶው ትንሽ ነጠብጣብ ቢያወጣም ብዥ ከሚል ይሻላል።

አሁን ወደ ፎከሱ። ካሜራህ «ዋን ሾት» የሚባለው የፎከስ ሁነታ ላይ ነው ብዬ እገምታለሁ። እሱ ርቀቱን አንዴ ይይዝና ይቆልፋል፤ ወፉ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅህም፣ እስክትጫን ሁለት ሜትር ቀርቦሃል። «ኤአይ ሰርቮ» ላይ አድርገው። ኒኮንና ሶኒ ያላችሁ «ኤኤፍ-ሲ» የሚለው ነው። ቁልፉን እስከያዝክ ድረስ እየለካ ይከተላል።

ካሜራው ፎከስ የሚይዝባቸው ነጥቦች ላይ ብዙ ጊዜ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። 65 ነጥብ አለው ሲሉኝ ሁሉንም ከፈትኩ። ሰማይ ላይ ሸጋ ነው፣ ሌላ የሚይዘው ነገር የለምና። ወፉ ወደ ውሃው ዳር ሲወርድ ግን ካሜራው ወፉን ጥሎ ሸምበቆውን ያቅፋል። ተናድጄ ወደ አንድ ነጥብ ብቻ ዞርኩ፤ እሱን ደግሞ የሚበር ወፍ ላይ ማቆየት እጄ አልቻለም። መሃሉን ያገኘሁት አንዱን ነጥብ ከዙሪያው ካሉት ጋር የሚያሠራው ላይ ነው። ከዚያ ከሜኑው የፎከስ ክትትል ምርጫዎች ውስጥ «ኬዝ 2»ን ምረጥ፤ በመሃል ቅርንጫፍ ቢያልፍ ቶሎ ወደሱ አይዘልም። ሌንስህ የካኖን 100-400 ሚሜ ሁለተኛው ስሪት ከሆነ ጎኑ ላይ ያለውን ማብሪያ ከ3 ሜትር ጀምሮ የሚለው ላይ አድርገው፣ አፍንጫህ ሥር ያለውን ሲፈልግ አይንገላታም።

ሌላው፣ ፎከሱን ከሻተር ቁልፉ ላይ አንስተህ ከኋላ ላለው «ኤኤፍ-ኦን» ቁልፍ ስጠው። አውራ ጣትህን ስትጫን ይከተላል፣ ወፉ ሲያርፍ ስትለቀው ባለበት ይቆማል። «ዋን ሾት»ንና «ኤአይ ሰርቮ»ን መቀያየር ቀረ ማለት ነው። ለሳምንት ያህል ጣትህ ይወናበዳል። ካሜራውን ለሰው ስታውስ ግን ንገረው፤ እኔ ሳልነግረው ያዋስኩት ጓደኛዬ የክርስትና ድግስ ሙሉ በሙሉ ብዥ አድርጎ መጣ።

ልምምዱን በትንንሽ ወፍ አትጀምር። ሐዋሳ ከሄድክ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ጠዋት ግባ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ረጃጅም እግር ያላቸው ትልልቅ ወፎች፣ የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቁ ከሰው መሃል ነው የሚቆሙት፣ ሲነሱም ግዙፍና ዝግ ያሉ ናቸው፣ ገና ከመሬት ሲለቁ ጀምረህ አውራ ጣትህን ሳትለቅ ተከተል። ቀጥሎ ፔሊካን፣ ከዚያ ነጭ ጭንቅላት ያለው ዓሣ በሊታ ንስር። ሰማያዊዋን ትንሿን ዓሣ አጥማጅ ግን አትጠይቀኝ። እስካሁን ያለኝ አርፋበት የነበረው ሸምበቆ ፎቶ ነው፣ እሱም ጥርት ያለ።