ሁሉንም አገልግሎት አንድ ሊነክስ ሰርቨር ላይ መጫን ያዋጣል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከባሕር ዳር የደረሱን ሦስት ጥያቄዎች የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ፣ ሁሉንም ሥራ ሊነክስ የሚባለው ስርዓተ ክወና በተጫነበት አንድ ሰርቨር ላይ በማድረግ ላይ ስለሆነ አብረን አቅርበናቸዋል። የመጀመሪያው ብዙ የሚያስወራ ስለሆነ ሰፊውን ቦታ ወስዷል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ። አባይ ማዶ ባለ የሕንፃ መሣሪያ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ አይቲ ሆኜ ነው የምሠራው፤ ብቻዬን ነኝ። ወደ 20 ሠራተኛ አለን፣ ግሽ አባይ ደግሞ አንድ ሱቅ አለን። ባለቤቱ ደህና ሰርቨር ገዝቶልኛል፤ 32 ጊጋ ራም፣ ሁለት ባለ 2 ቴራ ዲስክ። አሁን "ሁሉንም እዚህ ላይ ጫነው" እያለኝ ነው። ፋይል ሼር፣ የሽያጭና የስቶክ ሶፍትዌር ከነዳታቤዙ፣ ፕሪንተር፣ ዌብሳይት፣ የድርጅቱ ኢሜይል፣ ከሱቁ ጋር የሚያገናኝ ቪፒኤን። አንድ ሊነክስ ይህን ሁሉ ይችለዋል? ወይስ ሌላ ማሽን ይገዛ ልበለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይችለዋል። ሌላ ማሽን ይገዛ አትበል። ለ20 ሰው የያዝከው ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ፋይል የሚያጋራው ሳምባ ለዚህ ያህል ሰው የሚወስደው ራም በጣም ትንሽ ነው። የፕሪንተሩ ከዚያም ያንሳል። ዋናው በላተኛ ዳታቤዙና የሽያጭ ሶፍትዌሩ ነው፤ እሱም ቢሆን 32 ጊጋ ውስጥ ተመችቶት ይሠራል። ስለዚህ አቅም አያስጨንቅህ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፦ ማሽኑ የቆመ ዕለት አብሮ የሚቆመው ምንድን ነው፣ ከስንት ሰዓት በኋላስ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሰህ ታስነሣዋለህ? ለዚህ መልስ ካለህ አንድ ማሽን በቂ ነው። ከሌለህ ሦስት ብትገዛም ያው ነህ።

ዝርዝርህን ለሁለት ክፈለው። ፋይል፣ ፕሪንተር፣ ስቶክና ሽያጭ የውስጥ ሥራ ናቸው፤ ተጠቃሚዎቻቸው እዚያው ግቢ ውስጥ ናቸው። እነዚህን ያለ ሐሳብ አንድ ላይ አድርጋቸው። ኢንተርኔት በጠፋ ቀን እንኳ ገንዘብ ተቀባይዋ ትሸጣለች፣ ስቶር ኪፐሩ ዕቃ ያወጣል፣ ማንም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። በእኛ ከተማ ኢንተርኔት ሲቆራረጥ የዋለበትን ቀን ያየ ሰው ይሄ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያውቀዋል። "ሁሉም ክላውድ ላይ ይሁን" ለሚሉህም መልስህ ይሄ ይሁን።

ኢሜይልና ዌብሳይት ግን ፊታቸው ወደ ውጭ ነው። እነሱን ከዚህ ማሽን አውጣቸው። እዚህ ላይ አልደራደርም። ኢሜይል ሰርቨር መጫን ራሱ ያን ያህል አይከብድም፤ ፖስትፊክስንና ዶቭኮትን አስነሥተህ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ጭንቁ የላክኸው መድረስ አለመድረሱ ነው። ቋሚ አይፒ ያስፈልግሃል። ከአይፒው ወደ ድርጅቱ ስም የሚመልስ የዲኤንኤስ መዝገብ ያስፈልግሃል፣ እሱን የሚያስገባልህ ደግሞ ኢንተርኔት አቅራቢህ ነው፤ አንተ ብቻህን ልትጨርሰው አትችልም። ከዚያ ኤስፒኤፍ አለ፣ ዲኪም አለ፤ ሁለቱም ኢሜይሉ በእርግጥ ከእናንተ መሆኑን የሚያረጋግጡ ናቸው፤ ጉግል እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ወደ ጂሜይል የሚልክ ሁሉ ቢያንስ ከሁለቱ አንዱ እንዲኖረው ግድ ብሏል። ከእነዚህ አንዷ ጎደለች ማለት የላካችሁት ፕሮፎርማ ደንበኛው ስፓም ውስጥ ሊተኛ ይችላል፤ እሱ አልደረሰኝም ብሎ ሌላ ጋ ይገዛል፣ ባለቤታችሁ ደግሞ ገበያው የቀዘቀዘ ይመስለዋል። በድርጅቱ ስም ኢሜይል ይኑረን ከሆነ ሐሳቡ፣ ዶሜይኑን (የኢንተርኔት ስሙን) ያዙና ኢሜይሉንም ዌብሳይቱንም ሆስቲንግ ተከራዩ። መብራት ሲሄድም ዌብሳይታችሁ አብሮ አይሄድም። ለዓለም ሁሉ የተከፈተ ዌብሳይት፣ በተለይ ፕለጊኑ ሳይታደስ የከረመ ዎርድፕሬስ፣ የሽያጭ ዳታቤዝ ካለበት ማሽን ጋር አብሮ ማደር የለበትም።

ለቪፒኤኑ ዋየርጋርድን ተጠቀም። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ከርነል (የሊነክስ እምብርት) 5.6 ጀምሮ ሊነክስ ውስጥ አብሮ ገብቷል። ሴቲንጉ አጭር ነው፣ መስመር ተቆርጦ ሲመለስም ራሱ ይቀጥላል። ከሁለቱ ቦታ አንዱ ከውጭ የሚታይ አይፒ ሊኖረው ይገባል። ሁለቱም ከሌላቸው ትንሽ ቪፒኤስ (ኢንተርኔት ላይ የሚከራይ ሰርቨር) ተከራይና ሁለቱም እሱ ላይ ይገናኙ። ምንም ቢቸግርህ ግን የዳታቤዙን ፖርት (የመግቢያ በር)፣ 3306ም ይሁን 5432፣ ለኢንተርኔት እንዳትከፍት።

አጫጫኑ ላይ ከሊነክስ ዓይነቶች ዴቢያንም ሆነ ኡቡንቱ ኤልቲኤስ፣ እጅህ የለመደውን ውሰድ። ዲስኮቹን ሬይድ 1 አድርጋቸው፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ይሆናል። ከዚያ ግን ሁሉንም አንድ ክፍል ላይ አትከምር። ዲስክ በሚከፋፍለው ኤልቪኤም ለዳታቤዙ፣ ለጋራ ፋይሉና ለሎጉ (ለአሠራር መዝገቡ) የየራሳቸውን ቦታ ስጣቸው። ብዙ አገልግሎት አብሮ ሲኖር የሚመጣው ጣጣ ይሄ ነው፦ አንዱ ሠራተኛ የእህቱን ሠርግ ቪዲዮ ሼር ፎልደሩ ላይ ይገለብጣል፣ ዲስኩ ይሞላል፣ ዳታቤዙ መጻፍ ያቅተዋል፣ ሽያጭ ይቆማል፣ አንተም ዳታቤዙ ተበላሸ ብለህ ግማሽ ቀን ትሟገታለህ። ቦታቸው ከተለየ የሚቆመው ቪዲዮው ብቻ ነው።

ሶፍትዌሩን በዶከር፣ ፕሮግራምን ከነሚያስፈልገው ሁሉ አንድ ላይ በሚያሽገው መሣሪያ፣ ማስኬድ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ነገ ወደ ሌላ ማሽን ማዛወር ያቀልልሃል። አንድ ነገር ግን ልብ በል። ዶከር ወደ ውጭ የከፈተውን ፖርት ፋየርዎሉ ዩኤፍደብልዩ አይዘጋውም። ዶከር የራሱን ሕግ ቀድሞ ስለሚያስገባ፣ ፋየርዎሉ ዝግ ነው እያለህ ፖርቱ ክፍት ሆኖ ይገኛል። ፖርቱን ማሽኑ ራሱ ብቻ በሚያየው አድራሻ፣ 127.0.0.1 ላይ ብቻ እሰረውና ከፊቱ ጥያቄ ተቀብሎ የሚያስተላልፈውን ኤንጂንኤክስን አስቀምጥ።

ሰዓቱንም አስተካክል። ሥራዎችን በቀጠሮ የሚያስነሣው ክሮን የሚያነበው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ባክአፑ ሌሊት 8 ሰዓት እንዲነሣ ፈልገህ 8 ብለህ ከጻፍክ፣ የሚነሣው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው፤ ሱቁ ሲከፈት፣ ሁሉም ኮምፒውተሩን ሲያበራ። መጻፍ ያለብህ 2 ብለህ ነው። የሰዓት ዞኑም አዲስ አበባ ላይ መሆኑን እይ፤ ዩቲሲ ላይ ከተተወ ሌላ ሦስት ሰዓት ይዛባል።

አሁን መብራት። ዩፒኤስ መግዛት ግማሽ ሥራ ነው። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር ይገናኝ፣ ነት የሚባለው ፕሮግራም ይጫን፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ማሽኑ ራሱን በሥርዓት ይዝጋ። ይህን ካላደረግህ ዩፒኤሱ መጥፊያውን በጥቂት ደቂቃ ያዘገይልሃል እንጂ ማሽኑ ያው በድንገት ነው የሚጠፋው። ባዮስ (የማሽኑ መነሻ ሴቲንግ) ላይ ደግሞ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲበራ አድርገው።

ሙቀቱን ብዙ ሰው አያስበውም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ማሽን የማቀዝቀዝ አቅሙም ይቀንሳል። እስከ 35 ዲግሪ ይሠራሉ ለሚባሉት የተለመዱ ሰርቨሮች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል። ለእኛ 32 አካባቢ ማለት ነው። ሚያዝያ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መስኮት የሌለው ክፍል ይህን በቀላሉ ያልፋል። ሲሚንቶ ከምታራግፉበት መጋዘን አጠገብም አታስቀምጠው፤ ብናኙ ፋኑን ይደፍነዋል።

ሁሉም ሲያልቅ ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ሲወጣ ማሽኑን ሪስታርት አድርግና ሳትነካው ተመልከት። የማይነሣ አገልግሎት ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእጅህ አስነሥተኸው፣ ማሽኑ ሲበራ ራሱ እንዲነሣ ኢኔብል ሳታደርገው የቀረ ነው ማለት ነው። አንተ ለገና ጎንደር ሄደህ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከሚታወቅ ያኔ ይታወቅ። ያደረግኸውንም ጻፈው፤ የቱ አገልግሎት በየትኛው ፖርት፣ ሴቲንጉ የት፣ ባክአፑ የት። ብቻዬን ነኝ ብለሃል። ብትታመም ቀጣዩ ሰው ከየት ይጀምር? ፓስወርዱ በፖስታ ታሽጎ ባለቤቱ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ሽምብጥ አካባቢ ባለ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው። የካርድ ክፍሉ ሶፍትዌር፣ ፋይል ሼሩና የካሜራ መቅጃው ሁሉም 8 ጊጋ ራም ያለው አንድ ኡቡንቱ ላይ ናቸው። ብዙ ጊዜ ከሰዓት ላይ፣ ታካሚ ሲበዛ፣ ዳታቤዙ ማሪያዲቢ ዝም ብሎ ይሞታል። ሪስታርት ሳደርገው ይሠራል። ሎጉ ላይ ምንም ስህተት የለም። የሶፍትዌሩ ችግር ነው ወይስ የዲስኩ?

መልስ፦ እህቴ፣ የማሪያዲቢን ሎግ ለጊዜው ተይውና የከርነሉን ሎግ ክፈቺ። ዳታቤዙ በሞተበት ሰዓት ላይ ሜሞሪ አለቀ የሚል መስመር ታገኛለሽ ብዬ እገምታለሁ። ራም ሲያልቅ ከርነሉ ማሽኑን ለማትረፍ አንድ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) መርጦ ይገድላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ራም የያዘውን። የተገደለው ስሕተት ሠርቶ ስላልሆነ በራሱ ሎግ ላይ የሚጽፈው ነገር የለውም። የሚሞተው ዳታቤዙ ነው፣ ራሙን የጨረሰው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። እኔ ካሜራውን እጠረጥራለሁ።

መጀመሪያ ግን አረጋግጪ። ፍሪ የሚለውን ትእዛዝ ስትሰጪ የባዶውን ራም ቁጥር አይተሽ አትደንግጪ፤ ሊነክስ የተረፈውን ራም ለፋይል ካሽ ስለሚጠቀምበት ሁልጊዜም ትንሽ ይመስላል። መጨረሻ ላይ ያለውን፣ አቬይለብል የሚለውን አምድ ነው የምታዪው። ከዚያ የማሪያዲቢን በፈር ፑል (ዳታውን የሚይዝበትን ራም) እዪ። ሳይነካ 128 ሜጋ ነው። ሰዎች ኢንተርኔት ላይ "ከራሙ 70 በመቶ ስጡት" የሚል ምክር ያነቡና ያን ያደርጋሉ፤ ያ ምክር ግን ዳታቤዙ ብቻውን ላለበት ማሽን የተጻፈ ነው። ሦስት ሥራ በሚሠራ 8 ጊጋ ላይ ለአንድ ክሊኒክ 1 ጊጋ ይበቃዋል። ለካሜራ መቅጃው አገልግሎቶችን በሚያስተዳድረው ሲስተምዲ የራም ጣሪያ ስጪው፤ ጣሪያውን ሲነካ የሚጎዳው እሱ ብቻ ይሆናል። ትንሽ ስዋፕም (ራም ሲጠብ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ጨምሪ።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ካሜራውን ከዚያ ማሽን ማውጣት ነው። ቀኑን ሙሉ ዲስኩ ላይ ሲጽፍ ይውላል፣ የታካሚ መረጃ ያለበትን ማሽን ያዘገያል፣ ቀረጻውን ለማየት የሚገባው ጥበቃም እዚያው ሰርቨር ላይ እጁን ያስገባል። ለካሜራው የራሱ መቅጃ፣ ዲቪአር፣ ይገዛለት።

ጥያቄ፦ ጣና ዳር አነስተኛ ሎጅ አለኝ። አይቲ የሚሠራልኝ ልጅ ሁሉንም ወደ አንድ ሊነክስ እናዙር ይለኛል፤ ፈቃድ አይከፈልበትም፣ ቫይረስ አይገባውም ይላል። የሒሳብ ሠራተኛዬ ፒችትሪ በሚባል የሒሳብ ሶፍትዌር ስለምትሠራ አይሆንም ትላለች። ልጁ ደግሞ ሁለት ዲስክ ስላለው ባክአፕ አያስፈልግም ብሎኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ በፒችትሪው እሷን ይስሙ። የዊንዶውስ ሶፍትዌር ነው፤ ዳታው በተቀመጠበት ማሽን ላይም የራሱ የዳታቤዝ ሞተር እንዲኖር ይፈልጋል። ፎልደሩን ሳምባ ላይ አድርጎ ስለተከፈተ ብቻ ሠራ ማለት ለሒሳብ መዝገብዎ አደገኛ ነው። ልጁ ከፈለገ ሊነክሱ ውስጥ በኬቪኤም (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚፈጥር መሣሪያ) ዊንዶውስ መትከል ይችላል፤ የዊንዶውሱ ፈቃድ ግን ያው ይከፈላል። ለእርስዎ ዓይነት ሎጅ እኔ የምመርጠው ቀላሉን ነው፦ ኮምፒውተሯ ባለበት ይቆይ፣ ማታ ፒችትሪውን ስትዘጋ ኮፒው ወደ ሊነክሱ ይሂድ። የቀረውን፣ ፋይሉንና ፕሪንተሩን፣ ልጁ ያዙረው፤ እዚህ ላይ ልክ ነው።

ቫይረሱን በተመለከተ ግማሹን ነው የነገረዎት። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለ ዊንዶውስ ራንሰምዌር ቢገባው፣ ሼር ፎልደሩ ላይ ያሉትን ፋይሎች ሁሉ ይቆልፋቸዋል፤ ሊነክሱ ጻፍ የተባለውን ይጽፋል እንጂ አይከራከርም። ስለዚህ የእንግዶች ዋይፋይ ከቢሮው ኔትወርክ ይለይ። ይህ ዛሬ ነገ የሚባል አይደለም።

ሁለቱ ዲስክ ደግሞ ባክአፕ አይደለም። ሬይድ አንዱ ዲስክ ሲበላሽ ሥራ እንዳይቆም ነው የሚጠቅመው። በስሕተት የጠፋ ፋይል ከሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ይግዙ። ሬስቲክ ወይም ቦርግ የሚባሉት ፕሮግራሞች የትናንቱንም የባለፈውን ሳምንትም ለየብቻ ያስቀምጣሉ፤ በአንዱ ይጠቀም። አንዱ ዲስክ ሲሰካ ሌላው ቤትዎ ይደር፣ በየሳምንቱ ይቀያየሩ። በክረምት መብረቅ ያለበት ቦታ ላይ ነዎት፤ እንደተሰካ የሚኖር ዲስክ ከሰርቨሩ ጋር አብሮ ሊቃጠል ይችላል።

ልጁ ጨረስኩ ሲልዎት ክፍያውን ከመጨረስዎ በፊት አንድ ነገር ይዘዙት። ያለፈውን ወር የእንግዳ መዝገብ ከባክአፑ ብቻ አውጥቶ፣ ሰርቨሩን ሳይነካ፣ በሌላ ላፕቶፕ ላይ ይክፈትልዎት።