ከሁለት ቀዶ ሕክምና በኋላ በምጥ መውለድ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ሁለቱን ልጆቼን የወለድኩት በቀዶ ሕክምና ነው፤ ሦስተኛውን በምጥ መውለድ እችላለሁ? (ከጅማ)

መልስ፦ እህታችን፣ በሩ አልተዘጋም፤ ነገር ግን በሆድዎ ላይ የሚታየው ጠባሳ ማህፀንዎ በየት በኩል እንደተከፈተ ስለማይናገር፣ አስቀድመው ከወለዱበት ሆስፒታል የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ ያስወጡ። ማህፀኑ የተከፈተው በላይኛው ክፍል በቁመት ከሆነ ምጥ አይሞከርም፤ ሁለቱም ጊዜ በታችኛው ክፍል በአግድም ከሆነ ግን ከሐኪም ጋር መመካከር ይቻላል። አንድ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ወልደው ምጥ ከሚሞክሩ እናቶች መካከል የማህፀናቸው ጠባሳ የሚተረተርባቸው ከ200 አንድ ያህል ናቸው፤ ከሁለት ቀዶ ሕክምና በኋላ ስጋቱ ይጨምራል። ስለዚህ (ጎረቤት የፈለገችውን ብትመክርዎ) ምጡን ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ሆነው አይጠብቁ፤ ቀዶ ሕክምና ክፍልና የደም አቅርቦት ሌሊትም ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ። በተለይ ከከተማ ውጭ ከሆኑ፣ የክረምቱ ጭቃ መንገድ ሳይዘጋ ቀኑ ሲቃረብ ጅማ ዘመድ ቤት ይረፉ።