ለዓይን ያዝ ሲያደርግ የቱ ባይኖኩላር ያሳያል? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የአደን ወቅት ሲቃረብ የባይኖኩላር፣ ማለትም በሁለት ዓይን ሩቅ የሚታይበት መነጽር፣ ጥያቄ ይበዛል። ስለዚህ ዛሬ ያላችሁን ሁሉ አምጡ፤ የምችለውን እመልሳለሁ። እኔ ሚኒሶታ ውስጥ አጋዘን አድናለሁ። አገር ቤት ስገባ ባሌ እሄዳለሁ፤ እዚያ ግን ለማየት ብቻ ነው። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉልኝ፦ የት ነው የምትጠቀሙበት? በስንት ሰዓት? የዓይን መነጽር ታደርጋላችሁ? እነዚህ ከሌሉ መልሴ ግምት ነው የሚሆነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከአሁኑ፦ በጠመንጃ ስኮፕ፣ ማለትም ጠመንጃው ላይ በሚታሰረው ማነጣጠሪያ መነጽር፣ አካባቢ አትቃኙ። ስኮፑ ወደዞረበት አፈሙዙም ይዞራል።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ ጋሼ፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አጋዘን ላድን ነው። ቦታው ጫካ ነው፣ ሰዓቱ ማለዳና ምሽት። የዓይን መነጽር አላደርግም። 10×42 ልግዛ ወይስ 8×42? ሻጩ 10 ይሻላል አለኝ።

መልስ፦ ጥያቄ እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይላል። 8×42 ግዛ። ምክንያቱን ልንገርህ፤ እሱን ከያዝክ ሌላው ቀላል ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ይነግርሃል። ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍለው። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ይመጣል። 42 ለ10 ደግሞ 4.2። ይህ ቁጥር ከባይኖኩላሩ ወጥቶ ወደ ዓይንህ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። በጠራራ ፀሐይ ብሌንህ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚከፈተው። ያኔ ሁለቱም ይበቁሃል፣ ልዩነቱም አይታወቅህም። ሱቅ ውስጥ መብራት ስር ሞክሮ የገዛ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሲመሽ ግን የወጣት ብሌን እስከ 7 ሚሊሜትር ሊከፈት ይችላል። ያኔ የ10×42ቱ ክብ ዓይንህን አይሞላውም፤ ምስሉ ይጨልማል። ሁለቱ በእኩል ጥራት ከተሠሩ፣ በዚያ ሰዓት በ8×42 የምታየው ምስል አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይደምቃል።

10×42ው ጥቅም የለውም አልልም። ሜዳ ላይ ሩቅ ለምታይ፣ በተለይ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ካሰርከው፣ ዝርዝሩን ያወጣልሃል። በእጅ ከያዝከው ግን የእጅህንም መንቀጥቀጥ 10 እጥፍ ያደርገዋል። አንተ ያለኸው ጫካ ውስጥ ነው። እዚያ የሚያስፈልግህ ሰፊ እይታና ብርሃን ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ አጋዘን የሚታደነው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ እስኪሆን ድረስ ነው። ባይኖኩላርህ ዋጋውን የሚያሳየው በነዚያ ሁለት ግማሽ ሰዓቶች ነው። የዓመቱን መመሪያ ራስህ አንብበው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ አሪፍ ባይኖኩላር ጠቁሙኝ።

መልስ፦ የት? በስንት ሰዓት? ለምን? ከላይ ጻፉ ያልኩትን ጻፍልኝና እመለስልሃለሁ።

ጥያቄ (ከዲንሾ)፦ እንደምን ዋሉ ጋሼ። ባሌ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። እንግዶችን ጋይሳይ ሜዳ ወስጄ የደጋ አጋዘን አሳያለሁ። ያለኝ 10×25 ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ጥላ ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ዓይኔ ጤነኛ ነው፣ መነጽር አላደርግም። ዓይኔ ነው ወይስ ዕቃው?

መልስ፦ ዕቃው ነው ወንድሜ። 25 ለ10 ሲካፈል 2.5 ነው። ለቀን ኪስ ውስጥ የሚያዝ ነገር ነው፤ ሲመሽ ጨርሶ አይሆንም።

ያንተ ጉዳይ ከእኛ ከአሜሪካኖቹ ይልቅ ይከብዳል። ባሌ ለምድር ወገብ ስለሚቀርብ ጀምበር ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ከጠለቀች በኋላ ማየት የሚቻልበት ጊዜ 20 ደቂቃ ቢያልፍ በጥቂቱ ነው። እኛ ጋ በኖቬምበር መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ያህል አለ። አጋዘኖቹ ደግሞ ከዛፉ ስር ወጥተው የሚመገቡት ማለዳና ምሽት ላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ደቂቃ ላንተ ገንዘብ ናት።

8×42 ያዝ፣ ውሃ የማያስገባ፣ ውስጡ ናይትሮጅን ወይም አርጎን ጋዝ የተሞላ። የዲንሾ ብርድና ጉም ሌላውን በአንድ ክረምት ውስጡን ያጨልመዋል። በመካከለኛ ዋጋ እንደ ኒኮን ሞናርክ ኤም5 ወይም ቮርቴክስ ዳይመንድባክ ኤችዲ ያሉት ሥራ የሚሠሩ ናቸው። እንግዶችህ ሲመለሱ ያገለገለ ትተውልህ እንዲሄዱ ጠይቅ፤ ነውር የለውም። በነዚህ በአንዱ ብታይ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግም በአጋዘኑ ዓይኖች መካከል ያለችውን ነጭ መስመርና ጎኑ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ትለያለህ። ቀንድ የሌላትን ሴቷን ከምኒልክ ድኩላ ለመለየትም ያግዝሃል።

የፊት ሌንሱ እንደ ሩቢ ቀይ የሚያብለጨልጭ ከሆነ አትግዛ። ቀዩን ብርሃን መልሶ እየጣለው ነው ማለት ነው። ለዚያ ሰዓት ብርሃን የሚባክንበት ዕቃ አይሆንም።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ አባቴ በደርግ ጊዜ ያገኘው የሶቪየት 7×50 አለኝ። ከእነዚህ ዘመነኞች ሁሉ ይበልጣል።

(ከዱባይ)፦ ወንድሜ ያ ዕቃ እኮ ጣጣ ነው፣ አንገት ይሰብራል። ዘመኑ የዲጂታል ነው፤ ቪዲዮም ይቀርጻል።

(ከሐዋሳ)፦ የኔ እስከ ዛሬ ያሳያል። ያንተ ባትሪው ሲያልቅ ምን ልታደርገው ነው?

(ከዱባይ)፦ ፓወር ባንክ የሚባል ነገር ሰምተሃል?

መልስ፦ ሁለታችሁም ቆዩ። ይሄ የምወደው ርዕስ ስለሆነ በደንብ ልመልሰው።

የሐዋሳው ልጅ ያለ ምክንያት አይደለም የሚከራከረው። 50 ለ7 ሲካፈል 7.1 ይመጣል። ብሌን ሙሉ በሙሉ ቢከፈት እንኳ የሚሞላ ክብ ነው። ሁለተኛ፣ ያ ዕቃ ፖሮ ፕሪዝም ነው (ፕሪዝም ውስጥ ያለው፣ ብርሃኑን የሚያጥፈው መስታወት ነው)፤ የፊት ሌንሶቹ ከዓይን ሌንሶቹ ሰፋ ብለው የተቀመጡበት፣ የድሮው ቅርጽ። በፖሮ ውስጥ ብርሃኑ የሚመለሰው በመስታወቱ በራሱ ነው፤ ብርሃን ለመመለስ የሚቀባ ነገር አያስፈልገውም። ቀጥ ያሉት የዛሬዎቹ ባይኖኩላሮች ሩፍ ፕሪዝም ይባላሉ። በአብዛኞቹ ውስጥ አንደኛው ገጽ ብርሃን የሚመልስ ቅብ መቀባት አለበት። በአሉሚኒየም ከተቀባ እዚያው ብርሃን ይባክናል። በብር ማዕድን ቢቀባ ይሻላል። ዳይኤሌክትሪክ የሚባለው ሽፋን ደግሞ 99 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ከዚህ ሌላ ሩፍ ፕሪዝም ምስሉ እንዳይደበዝዝ የፌዝ ሽፋን የሚባል ያስፈልገዋል። ይሄን ዛይስ በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው ያመጣው። ስለዚህ ርካሽ ሩፍ ስትገዙ እነዚህ ሁለቱ መኖራቸውን ወረቀቱ ላይ ፈልጉ። ካልተጻፈ የሉም ብላችሁ ያዙ። ለተመሳሳይ ገንዘብ ፖሮ ብዙ ጊዜ የበለጠ ያሳያል። ብሩ አነስ ላለ ሰው የምመክረውም እሱን ነው።

አሁን ጉድለቱን ልንገርህ። የድሮዎቹ የሶቪየት ዕቃዎች ብዙዎቹ ምስሉን ቢጫ ያደርጉታል። በነጭ ወረቀት ላይ አነጣጥረህ እየው። ሲመሽ ዓይናችን ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ነው የሚያደላው፤ ቢጫው የሚበላው ደግሞ ይህንኑ ነው። በፊት ሌንሱ በኩል የስልክ መብራት አብራና ውስጡን እይ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ያ ከሌለና ሁለቱ ዓይኖች አንድ ምስል የሚያዩ ከሆነ፣ የአባትህን ዕቃ ያዘው።

ሌንስ ላይ ብርሃን እንዳይመለስ የሚቀባውም ሽፋን ቀልድ አይደለም። ያልተቀባ አንድ የመስታወት ገጽ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል። ባይኖኩላር ውስጥ እንዲህ ያለ ገጽ አሥርም ከዚያ በላይም አለ። አሥር ቢሆን እንኳ አንድ ሦስተኛው ብርሃን መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ብርሃን የሚያልፍበት ሁሉም ገጽ በብዙ ድርብ የተቀባ መሆን አለበት።

የዱባዩ ወንድሜ፣ የዲጂታሉን ሌላ ቀን።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ መርካቶ 60×60 የሚል አየሁ። ዋጋው ረከስ ያለ ነው። ሌሊትም ያሳያል ይላል።

መልስ፦ አትግዛ። 60 እጥፍ የሚያቀርብ ነገር በእጅ ተይዞ አይታይበትም። ቁጥሩ ውሸት ነው፤ እዚያው ሱቁ በር ላይ ማረጋገጥ ትችላለህ። ማስመሪያ ይዘህ ሂድ። የፊት ሌንሱን ስፋት ለካ። ከዚያ ባይኖኩላሩን ክንድህን ዘርግተህ ያዘው፣ ፊቱን ወደ ብሩህ ሰማይ አድርገህ። ወደ ፀሐይ እንዳታዞረው! በዓይን ሌንሱ ላይ ትንሽ ብሩህ ክብ ይታይሃል። እሷን ለካትና የፊቱን ስፋት ለእሷ አካፍለው። የፊት ሌንሱ 36 ሚሊሜትር፣ ክቧ 4 ሚሊሜትር ከሆነች፣ ዕቃው 9 እጥፍ ነው የሚያቀርበው። 60 የት አለ?

እግረ መንገድህን የክቧን ጠርዝ እይ። ሙሉ ክብ ከሆነች የፕሪዝሙ መስታወት ጥሩ ነው፣ ባክ4 የሚባለው። ጎኖቿ ተቆርጠው አራት ማዕዘን ቢጤ ከመሰለች ርካሹ ቢኬ7 ሊሆን ይችላል።

ያለ ባትሪ ሌሊት የሚያሳይ ባይኖኩላር የለም። ያለውን ብርሃን ይሰበስባል እንጂ ከየትም አያመጣም።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ 10 ይሻላል ወይስ 8?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። ያልገባህ መስመር ካለ እሱን ጠይቀኝ።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ጠመንጃዬ ላይ ጥሩ ስኮፕ አለኝ። ከሱ ጋር ባይኖኩላር ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ ይሄን ነው የፈራሁት። ከፊትህ ቁጥቋጦው ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ጠመንጃህን ታነሳለህ። አጋዘን ከሆነ እሺ። ሌላ አዳኝ ከሆነስ? ምን እንደሆነ ሳታውቅ ጠመንጃ ደግነህበታል። ገንዘብህ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ስኮፑን ርካሽ አድርገውና ባይኖኩላር ግዛ። መጀመሪያ በባይኖኩላር ለይ፤ እርግጠኛ ስትሆን ብቻ ጠመንጃ አንሳ።

(ከሲያትል)፦ ይቅርታ፣ ግን ሥጋው ይበላል እንዴ? ሳይባረክ በጥይት የሞተ?

(ከቨርጂኒያ)፦ ዘዳግም 14 ዋላና ሚዳቋን ንጹሕ ከሚባሉት ይቆጥራል።

(ከሲያትል)፦ ንጹሕነቱ ሌላ፣ አስተራረዱ ሌላ። እናቴ ቤት እንዲህ ያለ ሥጋ አይገባም።

(ከአትላንታ)፦ ለመሆኑ ምስኪን እንስሳ መግደል ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ የሥጋውን ጉዳይ የነፍስ አባቶቻችሁን ጠይቁ። ስለ መግደሉ ደግሞ፦ በፈቃድ፣ በወቅቱ፣ በተፈቀደው ቁጥር ይታደናል። ከዚያ ውጪ የሚያድን ሰው እኔ ጋ አይምጣ። አገር ቤትም ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። ወደ ባይኖኩላር እንመለስ።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ እዚህ የአደን ፈቃድ ኮርስ ጨርሻለሁ። ሁሉም 8×56 ግዛ ይለኛል። ከአንድ ኪሎ በላይ ነው። የማየው ከማማ ላይ ነው፣ እስኪጨልም። መነጽር አላደርግም።

መልስ፦ ግዛው። 8×56 የጀርመን ሕግ የወለደው ዕቃ ነው ብል አላጋነንኩም። እናንተ ጋ ትልልቆቹን ባለ ሰኮና አውሬዎች በሌሊት ማደን በመሠረቱ ክልክል ነው፤ የዱር አሳማ ግን ይፈቀዳል። ሌሊት የሚባለው ደግሞ ጀምበር ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ እኛ ጠመንጃችንን አራግፈን ወደ መኪናችን ስንመለስ እናንተ ገና አንድ ሰዓት ይቀራችኋል። በዚያ ሰዓት 7 ሚሊሜትር ክብ ቅንጦት አይደለም። ማማ ላይ ተቀምጠህ የምታይ ስለሆነ ክብደቱም አይጎዳህም። እንደ ስዋሮቭስኪ ኤስኤልሲ ያሉት አቤ-ኮኒግ የሚባል ፕሪዝም ስላላቸው ብርሃን የሚመልስ ቅብ አያስፈልጋቸውም። ውድ ናቸው። ቀኑን ሙሉ በእግሩ ለሚዞር ሰው ግን 8×56 አልመክርም።

አላስጠነቀቅከኝም እንዳትል፦ ሻጮች “የድንግዝግዝ ቁጥር” የሚሉት አለ። ሁለቱን ቁጥሮች አባዝቶ ስኩዌር ሩት ማውጣት ነው። 8×56 21.2 ያመጣል። 20×50 ደግሞ 31.6። በዚህ ስሌት 20×50 ሊበልጥ ነው፤ የብርሃን ክቡ ግን 2.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሲመሽ አይታይበትም። ቁጥሩ ስለ መስታወቱ ጥራትም ምንም አይልም።

ጥያቄ (ከቶሮንቶ)፦ የዓይን መነጽር አደርጋለሁ። ዳር ዳሩ ጥቁር ሆኖ ይታየኛል።

መልስ፦ የዓይን ሌንሱ ዙሪያ ያለውን ጎማ ወደ ታች አጥፈው። ያም ካልበቃ ዓይንህ ከሌንሱ ራቅ ብሎም ሙሉ ምስል የሚሰጥ ያስፈልግሃል። ወረቀቱ ላይ ቢያንስ 16 ሚሊሜትር የሚለውን ፈልግ።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ዙም ያለውስ? ከ8 እስከ 24?

መልስ፦ አይሆንም። የፊት ሌንሱን ስፋት ለ24 አካፍልና ክቡ ምን ያህል እንደሚሆን ራስህ እየው።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ 62 ዓመቴ ነው። ሜሪላንድ፣ ማታ ማታ፣ የዓይን መነጽር ለማንበብ ብቻ። ትልቁን 8×56 ብገዛ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ እንኳን ጠየቁ። በዕድሜ ብሌን የመከፈት አቅሙ ይቀንሳል። በእርስዎ ዕድሜ ብዙ ሰው 5 ሚሊሜትር ላይ ወይም ከዚያ በታች ይቆማል። ያኔ ከ7 ሚሊሜትሩ ክብ የተረፈው ዓይንዎ ውስጥ አይገባም፤ ክብደቱ ብቻ ይቀርልዎታል። 8×42 ይበቃዎታል። የተረፈውን ገንዘብ ጥሩ መስታወት ላይ ያውሉት። 10×50ም ይሞክሩ፤ ክቡ 5 ነው።

ዓይን ጨለማ ለመልመድ 20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ጥበቃ ላይ ተቀምጠው ስልክ ከከፈቱ ልምዱ ይበላሽና እንደገና ይጀምራሉ። ልጆቹም ይሄን ስሙ።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ ወደ አገር ቤት ይዤ ብገባ ቦሌ ላይ ችግር አለው?

መልስ፦ ጥያቄ ሊያስነሳ የሚችል ዕቃ ነው። ከመሄድህ በፊት ጉምሩክን ጠይቅና መልሱን በጽሑፍ ያዝ። ከዚያ በላይ እኔ ልፈርድልህ አልችልም።

ጥያቄ (ከዲንሾ)፦ አመሰግናለሁ ጋሼ። አንድ ብቻ ልጨምር። የእንግዳ ባይኖኩላር ስይዝ አንዱ ዓይኔ ሁልጊዜ ይደበዝዝብኛል።

መልስ፦ ያልተስተካከለልህ ነው። መጀመሪያ ሁለቱን በርሜሎች እያጠፍክ ምስሉ አንድ ክብ እስኪሆን አጥብባቸው። ከዚያ የቀኙን የፊት ሌንስ በእጅህ ሸፍነው። በግራ ዓይንህ ሩቅ ያለ ቅርንጫፍ እያየህ በመሃለኛው ጎማ አጥራው። አሁን ግራውን ሸፍን። መሃለኛውን ሳትነካ፣ በቀኙ ዓይን ሌንስ ላይ ያለችውን ቀለበት ብቻ እያዞርክ ያንኑ ቅርንጫፍ አጥራው። አንዳንዱ ላይ ቀለበቷ ሌላ ቦታ ናት፤ ፈልጋት። የቀለበቷ ቁጥር ከዕቃ ዕቃ ሊለያይ ስለሚችል፣ እንግዳ ሌላ ዕቃ ሲሰጥህ ይሄንኑ ድገመው። ይሄን በብርሃን ጨርስ፤ 12 ሰዓት ሲሆን ጊዜ አይኖርህም።