«ሲቪዬ ላይ የምጽፈው ጠፋኝ» እና ሌሎች የአንባቢ ጥያቄዎች ከሐዋሳ

ምርቃት እየደረሰ ስለሆነ መሰለኝ በዚህ ወር የመጣው ጥያቄ ሁሉ ስለ ስራ ነው። ለመጀመሪያዋ ጠያቂ የሰጠሁት መልስ ረዘም ይላል፣ የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ስለሆነ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ 4ኛ ዓመት ነኝ፣ ጂፒኤዬ 2.8 ነው። ቴሌግራም ላይ የማየው ቫካንሲ ሁሉ ሁለት ዓመት ልምድ ይላል፣ በዜሮ ዓመት የሚል ሲገኝ ደሞ ጂፒኤ 3.00 እና ከዛ በላይ ይላል። ሲቪ ልሰራ ቁጭ አልኩና ከስሜና ከትምህርቴ ሌላ የምጽፈው ጠፋኝ። ምንም ሰርቼ አላውቅም እኮ፣ ከክላስ ስወጣ የምውለው አክስቴ ሱቅ ነው። ጓደኞቼ ደግሞ ዘመድ ከሌለሽ አትልፊ ይሉኛል። ምን ይሻለኛል? (ተመራቂዋ፣ ከአቶቴ)

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱን እኮ ራስሽ ጽፈሽው ነው ያለፍሽው። አክስትሽ ሱቅ ስትውዪ ምን ትሰሪያለሽ? በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ ስልክ ብቻ አትነካኪም መቼም። የዱቤ ደብተር አለ፣ እቃ ሲመጣ ደረሰኝ ትቀበያለሽ፣ ማታ ካሽ ትቆጥሪያለሽ፣ ሲጎድል ደግሞ ከአክስትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ዘይቱ ነው ስኳሩ ነው እያላችሁ ትፈልጋላችሁ። ክላስ ውስጥ ስትፈተኚበት የኖርሽው ነገር እኮ ነው፣ ደብተሩ ላይ በእስክሪብቶ ስለተጻፈ ስራ አልመስል ብሎሽ ነው።

እስቲ እንዲህ አድርጊ። በዚህ ቅዳሜና እሁድ የሦስት ወሩን የዱቤ ደብተር ወደ ኤክሴል ገልብጪው። ቀን፣ ደንበኛ፣ የወሰደው፣ የከፈለው፣ የቀረበት፣ በቃ ይሄው ነው። የደንበኞቹን ስም ግን አትጻፊ፣ ቁጥር ስጪያቸው፣ የሰው ዕዳ በላፕቶፕ ይዞ መዞር ነውር ነው። ከዛ 30 ቀን ያለፈውን ዱቤ ለይተሽ ድምሩን አክስትሽን አሳያት፣ ትደነግጣለች ብዬ እገምታለሁ። በየሳምንቱ እንደዛ ስትቀጥይ ሲቪሽ ላይ «ሃርድ ወርከር፣ ቲም ፕሌየር» የሚለውን አጥፍተሽ እንዲህ ትጽፊያለሽ፦ «የአንድ ችርቻሮ ሱቅ የዱቤ ሽያጭ መዝገብ በኤክሴል አደራጅቼ ከ30 ቀን በላይ የቆየ ዱቤ በየሳምንቱ እየለየሁ ለባለቤቷ አቀርባለሁ።» ኢንተርቪው ላይ ይሄን ያየ ሰው ይጠይቅሻል፣ አንቺም ስለሰራሽው አትንተባተቢም። ሳትሰሪው ግን እንዳትጽፊው፣ ሁለተኛዋ ጥያቄ ላይ ነው የሚያዝ።

ሌላው ነገር ሐምሌ ነው። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል፣ ሐምሌ ሲገባ ነጋዴው ሁሉ ዓመት ሙሉ በፌስታል ያጠራቀመውን ደረሰኝ ይዞ ሒሳብ የሚሰሩ ቢሮዎች በር ላይ ነው። ትንንሾቹ ቢሮዎች በዛን ሰዓት እጅ ያጥራቸዋል፣ አንቺ ደሞ ገና ከመመረቅሽ ነው። ሐምሌ እስኪገባ ሳትጠብቂ ግንቦት ላይ ፒያሳ አካባቢ ያሉትን እየዞርሽ አናግሪያቸው። ስራ አላችሁ ወይ ብለሽ ከገባሽ የለም ነው የሚሉሽ፣ «ሐምሌ ላይ ደረሰኝ የሚለይና የሚመዘግብ ሰው ትፈልጋላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር የሚነካካ ጓደኛ ካለሽ ከአሁኑ ተማሪ። ክፍያው ትንሽ ነው የሚሆነው፣ ግን ትንሽም ቢሆን ከመጀመርሽ በፊት ተነጋገሪ፣ ሲያልቅም ማህተም ያለው የልምድ ወረቀት እንደሚሰጡሽ አስቀድመሽ አረጋግጪ።

ጂፒኤውን በተመለከተ፣ ባንኮች ፍሬሽ ሲቀጥሩ ብዙ ጊዜ በጂፒኤ ያጣራሉ፣ እውነት ነው፣ እዛ በር ላይ ቆመሽ አታልቅሺ። ከሁሉም በፊት ግን ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) አለ። ከ2015 ጀምሮ 50 ፐርሰንት ካልመጣ ዲግሪ የለም፣ ስለዚህ ሲቪ ሲቪ እያልሽ እሱን እንዳትረሺው።

ዘመድ ያልሽውን ደሞ የለም ብዬ አልዋሽሽም፣ አለ። ግን ሐምሌን ሙሉ አብሮሽ የሰራው የሒሳብ ቢሮ ሰውዬ መስከረም ላይ ለሆነ ድርጅት ደውሎ «አንዲት ጎበዝ ልጅ አለች» ካለ እሱንም ዘመድ በይው። አምና ከዲፓርትመንትሽ የተመረቁትንም ሰላም በያቸው፣ መስሪያ ቤታቸው ሰው ሲፈልግ ማስታወቂያ ሳይወጣ የሚሰሙት እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ በኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ነው ያለው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የላይን ሱፐርቫይዘር ስራ ተገኝቶለት እምቢ አለ፣ «ነገ ለሚዘጋ ፋብሪካ ነው? አዲስ አበባ እሄዳለሁ» ይለኛል። እዛ ደግሞ የሚያርፍበት ሰው የለንም። (እናት፣ ከታቦር)

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ ዝም ብሎ አልቀበጠም፣ ፍርሃቱ ከምንም የመጣ አይደለም። ፓርኩ በ2008 ሲመረቅ የነበረውን ሆይ ሆይታ ሁላችንም እናስታውሳለን፣ በ2014 ግን ኢትዮጵያ ከአጎአ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል፣ ስትወጣ ምን እንደሆነም አይተናል፣ ዋናው ባለሀብት የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ያኔ ነው ጥሎ የወጣው። ልጁ ይሄን እያየ ነው የተማረው።

እንደዛም ሆኖ ስራውን ቢይዘው ደስ ይለኛል። በሱ ትምህርት የስፌት ላይን ማለት ላብራቶሪ ማለት ነው፣ አንድ ሸሚዝ በስንት ደቂቃ እንደሚያልቅ፣ የቱ ማሽን ላይ ስራ እንደሚከመር፣ ብልሹ ምርት ከየት እንደሚመጣ እዛው ቆሞ ይለካል። ፋብሪካው ነገ ቢዘጋ እንኳን ያንን ይዞት ይወጣል፣ አዲስ አበባም ቢሄድ የሚጠየቀው ስለሱ ነው። ለእርስዎ አንድ ምክር ልጨምር፣ «እድሜ ልክህን እዛ ኑር» የምትሉት አይምሰለው፣ አንድ ዓመት ሞክረውና ካልሆነ ቤት ኪራይህን አጠራቅመህ ትሄዳለህ ይበሉት። የጎረቤቱን ልጅ ደግሞ በፍጹም አያንሱበት።

ጥያቄ፦ አንድ የግል ድርጅት ገብቼ ውል ሳንፈራረም «ስድስት ወር ሙከራ ነው፣ ከዛ እናያለን» አሉኝ። ኦሪጅናል ዲግሪህንም እኛ ጋ አስቀምጥ ይላሉ። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ አይደለም። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የስራ ቀን አይበልጥም፣ እሱም በጽሁፍ መሆን አለበት። የጽሁፍ ውል ከሌለ ደግሞ አሰሪው በ15 ቀን ውስጥ የስራውን ሁኔታ ጽፎና ፈርሞ ሊሰጥህ ይገባል። መጀመሪያ በትህትና ጠይቃቸው፣ ብዙ ትንንሽ ድርጅት ህጉን ራሱ አያውቀውም። ዲግሪህን ግን አሳይና መልሰህ ኪስህ ክተት፣ ኮፒ ይበቃቸዋል።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት ኤጀንሲ አልፈሃል ብሎ ለመመዝገቢያና ለዩኒፎርም 2000 ብር ላክ አለኝ። ልላክ?

መልስ፦ እንዳትልክ! ሳትፈተን፣ ፊትህን ሳያዩ፣ ቢሯቸው የት እንደሆነ ሳታውቅ ያለፍክበት ስራ የት አለ? ልከህ ከሆነም ቻቱን አታጥፋው፣ ስክሪንሾት አድርገው፣ የላክህበትን ደረሰኝ ይዘህ ፖሊስ ጣቢያ ሂድ፣ ባንክህንም ዛሬውኑ አሳውቅ።