ልጅ ጀርመን ለሚልኩ የአዳማ ወላጆች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ትምህርቱ ነፃ ነው ብለውን 11,904 ዩሮ ተጠየቅን። ምንድን ነው?

መልስ፦ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው አያስከፍሉም፤ ባደን ቩርተምበርግ ክልል ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላል። የተጠየቃችሁት 11,904 ዩሮ ሌላ ነው፤ የልጅዎ የዓመት መኖሪያ ነው። ብሎክድ አካውንት በሚባል፣ በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚለቀቅበት ዝግ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ተቀምጦ በወር 992 ዩሮ ይለቀቅለታል። ችግሩ መጀመሪያው ወር ላይ ነው። ልጁ ደርሶ የራሱን የባንክ ሒሳብ እስኪከፍት ድረስ ከዚያ ብር ሳንቲም አያወጣም፤ አከራዩ ደግሞ እስከ 3 ወር ኪራይ መያዣ መጠየቅ በሕግ ተፈቅዶለታል። የመያዣውንና የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ወጪ ለብቻ ያዘጋጁ።

ጥያቄ፦ በባንክ የላክነው የሴሚስተር ክፍያ ጎድሎ ደረሰ፤ ዩኒቨርሲቲውም «አልከፈለም» አለው።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ስሕተቶች ናቸው። የጎደለው መሐል ላይ ያሉ ባንኮች ቆርጠው ነው፤ ቅጹን ሲሞሉ «የማስተላለፊያውን ወጪ ሁሉ ላኪ ይሸፍናል» የሚለውን ያስመርጡ። «አልከፈለም» የተባለው ደግሞ በክፍያው ምክንያት ቦታ ላይ የተማሪው መለያ ቁጥር ስላልተጻፈ ሊሆን ይችላል። ላኪው አባት፣ ስሙም የአባት ከሆነ፣ ገንዘቡ የማን እንደሆነ እዚያ ማን ያውቃል? የስዊፍቱን (ገንዘቡ መላኩን የሚያሳየውን የባንክ ማስረጃ) ቅጂ ከባንኩ ተቀብለው ለልጁ ይላኩለት፤ ለሒሳብ ክፍሉ ያሳያል።

ጥያቄ፦ ሳይሄድ የትኛውን ወረቀት ልጨርስ?

መልስ፦ እናቴ፣ ከሁሉ በፊት ልጁ ለእርስዎ የሚሰጠው ውክልና። ትራንስክሪፕት ማውጣትን፣ ሰነድ ማረጋገጥንና ባንክን በዝርዝር ይጥቀስ። ከሄደ በኋላ ከሆነ እዚያ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ድረስ ሄዶ መፈረም አለበት፤ ወረቀቱ እዚህ ሲደርስም አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ ይኖርበታል። ለአንድ ፊርማ ይህን ሁሉ!

ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። በ2000 ዓ.ም. የተወለዱ ልጆች ላይ ተደጋግሞ ይሳሳታል። 1999 ጳጉሜን 6 ስለነበረው 2000 የገባው እንደ ወትሮው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን ሴፕቴምበር 12 ነው፤ እስከ የካቲት ድረስም የአንድ ቀን ልዩነት ይቀጥላል። ጥር 5 ቀን 2000 ማለት ጃንዋሪ 14፣ 2008 ነው፤ በልማድ የሚቆጥር ተርጓሚ 13 ብሎ ይጽፋል። የልደት ምስክር ወረቀቱና ፓስፖርቱ በአንድ ቀን ከተለያዩ ቪዛው ላይ ጥያቄ ያስነሳል። ስሙንም ፊደል በፊደል ከፓስፖርቱ ጋር ያመሳክሩ።

ጥያቄ፦ እየሠራ ራሱን አይችልም?

መልስ፦ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ይፈቀድለታል። ለተጨማሪ ወጪ ይረዳዋል፤ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ግን በሥራው ባትተማመኑ ይሻላል፤ ፈተና የሚወድቀው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ምን ስንቅ ልላክ?

መልስ፦ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፤ በደንብ ታሽጎ፣ በሚጫነው ሻንጣ። ቋንጣ፣ ንጥር ቅቤና አይብ ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ክልክል ነው፤ በቅቤ የራሰ ጭኮም ባይሞከር ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ስንደውል «ደህና ነኝ» ብቻ ነው የሚለን።

መልስ፦ ዲሴምበር ላይ በርሊን ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ይጨልማል፤ ፈተናው ደግሞ ፌብሩዋሪ አካባቢ ነው። በየቀኑ ከመደወል በሳምንት አንድ ቀን ተነጋግራችሁ ቁረጡ። በክረምታቸው በ2 ሰዓት፣ በበጋቸው በ1 ሰዓት እንቀድማቸዋለን። «በላህ?» ከማለት «የትኛው ትምህርት ከበደህ? ኪራይ ከፈልክ?» ብላችሁ ጠይቁት። ዝምታው ከቀጠለ በብዙ የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ለተማሪዎች የሥነ ልቦና ምክር ስላለ፣ ራሱ ቀጠሮ እንዲይዝ ንገሩት።