ለስኪዞፍሬንያ የተጨመረው ሁለተኛ መድኃኒት እስከ መቼ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። የ26 ዓመት ወንድሜ ስኪዞፍሬንያ እንዳለበት ከታወቀ ሦስት ዓመቱ ነው። ሪስፔሪዶን እየወሰደ ሳለ ሌሊት እየተነሣ መጮህና በር መደብደብ ስለጀመረ፣ ከሁለት ወር በፊት ሶዲየም ቫልፕሮዬት ተጨመረለት። አሁን ረግቷል፤ ድምፅ መስማቱ ግን አልተወውም። ሰሞኑን ቫልፕሮዬቱን ፈልገን አጣን። አንድ መድኃኒት ቤት «ያው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው፤ ካርባማዜፒን ውሰዱ» አሉን። እናቴ ደግሞ «ሁለቱ በዛበት፣ አንዱ ይቅርለት» ትላለች። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ በካርባማዜፒን አትተኩት። ሁለቱም ለሚጥል በሽታ ይሰጣሉ፤ ከሪስፔሪዶን ጋር ሲገናኙ ግን ጠባያቸው ለየቅል ነው። ካርባማዜፒን ጉበት ሪስፔሪዶንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ፣ ወንድምዎ ያንኑ ክኒን እየዋጠ በደሙ ውስጥ የሚገኘው መጠን በሳምንታት ውስጥ በግማሽ ገደማ ሊወርድ ይችላል። ሌላውን የስኪዞፍሬንያ መድኃኒት፣ ሃሎፔሪዶልንም እንዲሁ ያዳክመዋል። ከዚያ ሕመሙ ሲነሣ ቤተሰቡ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይከርማል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲህ ያለ ምትክ መስጠት ፈጽሞ ተገቢ አይደለም።

ቫልፕሮዬቱ ሳያልቅ፣ ካለቀም ዛሬውኑ፣ ወደሚከታተለው ሐኪም ሂዱ። ሪስፔሪዶኑ ግን አንድ ቀንም አይቋረጥ፤ የሕክምናው ምሰሶ እርሱ ነው።

የእናትዎ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቫልፕሮዬትና ሊቲየም ስሜት አረጋጊ መድኃኒቶች ናቸው፤ ዋና ቦታቸው ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበትና የሚወርድበት ሕመም) ነው። በስኪዞፍሬንያ ላይ ቫልፕሮዬት ሲጨመር ቁጣንና መረበሽን ለጊዜው ሊያበርድ ይችላል፤ ድምፅ መስማትን ወይም ጥርጣሬን ለማስወገድ ግን አስተማማኝ ማስረጃ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ አንድ ጥናት ከሪስፔሪዶን ወይም ከመሰሉ ከኦላንዛፒን ጋር ሲሰጥ መሻሻሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደሚፈጥን አሳይቶ ነበር፤ በኋላ 12 ሳምንት የፈጀ ጥናት ግን ያንን ብልጫ አላገኘም። ከሳይኮሲሱ (ድምፅ መስማትን የመሰለ ከእውነታ መራቅ) ጋር ከባድ የስሜት መዋዠቅ ላለበት ታካሚ ነገሩ ሌላ ነው፤ ለእርሱ ረዘም ላለ ጊዜ ሊያስፈልግ ይችላል።

በሥራዬ ደጋግሜ የማየውና የሚያሳዝነኝ ለአንድ ክፉ ወር የታዘዘ መድኃኒት በየቀጠሮው ካርድ ላይ እየተገለበጠ ዓመታት መቆየቱ ነው። ስለዚህ ሐኪሙን «ለምን ተጨመረ? እስከ መቼ ይወስዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ወንድምዎ ስለረጋ ምናልባት ሐኪሙ ቫልፕሮዬቱን ቀስ በቀስ ቀንሶ ሊያቆምለት ይችላል። ከቀጠለ የጉበትና የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ክብደቱም ይመዘን። ብርቱ የሆድ ሕመም ከትውከት ጋር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ያለ ምክንያት መድማት ወይም ከባድ ድብታ ከታየበት ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሆስፒታል ውሰዱት። ይህን ለምታነብ ወጣት ሴትም ልናገር፦ በእርግዝና ወቅት ቫልፕሮዬት ከወሰዱ እናቶች ከሚወለዱ 10 ሕፃናት አንዱ ገደማ ከባድ የአካል ጉድለት ይዞ ይወለዳል፤ ከማርገዝሽ በፊት ሐኪምሽን አማክሪ።

አልተወውም ስላሉት ድምፅ፣ መጀመሪያ ክኒኑን በእርግጥ እየዋጠ መሆኑን፣ ጫት መቃም አለመቃሙንም በእርጋታ አጣሩ። ሁለት የተለያዩ የሳይኮሲስ መድኃኒቶች፣ እያንዳንዳቸው በበቂ መጠን ለስድስት ሳምንት ያህል ተወስደው ካልረዱት፣ ሌሎቹ ሳይረዱ ሲቀሩ ስለሚሰጠው መድኃኒት፣ ስለ ክሎዛፒን፣ ሐኪሙን ጠይቁ። ክሎዛፒን የነጭ የደም ሴል ክትትል ይፈልጋል፤ ክሎዛፒንም ካርባማዜፒንም ነጭ የደም ሴልን ሊቀንሱ ስለሚችሉ ሁለቱ አብረው አይሰጡም።